የአካል ብቃት እንቅስቃሴ በሱስ ሕክምና ውስጥ፦ ምን ይጠበቅበታል? እንዴትስ ይጀመር?

ጥያቄ፦ በማገገሚያ ማዕከል የምትሠራ አማካሪ

ጤና ይስጥልኝ። ከአልኮልና ከሌሎች ሱስ አስያዥ ነገሮች ለመላቀቅ የሚፈልጉ ሰዎች ተኝተው በሚታከሙበት አንድ ማዕከል ውስጥ በአማካሪነት እሠራለሁ። እስካሁን የምንሰጠው አገልግሎት የሐኪም ክትትልን፣ መድኃኒትን እንዲሁም የግልና የቡድን ምክርን ያጠቃልላል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን በሳምንት ሦስት ቀን በአሰልጣኝ የሚመራ የአካል ብቃት እንቅስቃሴ የሕክምናው አካል እንዲሆን ተወስኖ፣ ዕቅዱን የማዘጋጀቱ ኃላፊነት ለእኔ ተሰጥቶኛል።

ሐሳቡን በሙሉ ልብ እደግፈዋለሁ፤ ሆኖም የሚያሳስቡኝ ነገሮች አሉ። አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ «ስፖርት ከሱስ ያላቅቃል» የሚል ጽሑፍ በማስተዋወቂያችን ላይ እንዲወጣ ይፈልጋሉ። እኔ በየቀኑ የማገኛቸው ታካሚዎች ደግሞ ከዚህ ቀደም ብዙ ተስፋ ተሰጥቷቸው ሳይሳካላቸው የቀሩ ናቸው፤ ስለዚህ ማስረጃው ከሚፈቅደው በላይ ቃል መግባት ያስፈራኛል። በሌላ በኩል፣ እንቅስቃሴውን በሙከራ ደረጃ ስንጀምር በጉጉት ከመጡት ታካሚዎች ብዙዎቹ ወዲያው መቅረት ጀመሩ። ይህን ያዩ አንዳንዶች መርሐ ግብሩ ግዴታ ይሁን እያሉ ነው።

ጥናቶች በእርግጥ ምን አሳይተዋል? ታካሚው ሱሱን ካቆመ በኋላ መቼ ቢጀምር ነው ጉዳት የማይደርስበት? ሰዎችስ እንዳይቀሩ ምን ማድረግ ይቻላል? በሙያውም ሆነ በሕይወታችሁ የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የአእምሮ ሐኪም

መጠንቀቅዎ ተገቢ ነው። በዚህ መስክ ያለው ማስረጃ በአንድ በኩል የሚያበረታታ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ከችኩል መደምደሚያ የሚያግድ ስለሆነ፣ ሁለቱን ለይቶ ያላየ ሰው ወይ ከልክ ያለፈ ተስፋ ይሰጣል ወይም የሚጠቅም ነገር ያለ አግባብ ይጥላል።

በሰፊው የተጠናው የሲጋራ ሱስ ነው። ሲጋራ ያቆመ ሰው ሐራራው ሲነሳበት ለጥቂት ደቂቃዎች ፈጠን ብሎ ቢራመድ፣ ሐራራው በእንቅስቃሴው ጊዜና ካበቃም በኋላ ለአጭር ጊዜ እንደሚበርድ በርካታ ሙከራዎች በተመሳሳይ መልኩ አሳይተዋል። ይሁን እንጂ ሐራራን ለጊዜው ማብረድና ማጨስን ለረጅም ጊዜ መተው የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ በወጣ አንድ ጥናት 281 ሴቶች ሁሉም የምክር አገልግሎት እያገኙ በሁለት ቡድን ተከፍለው ነበር። ከምክሩ ጋር በሳምንት ሦስት ጊዜ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ካደረጉት መካከል ከአንድ ዓመት በኋላ ሳያጨሱ የቆዩት 12 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ከሌላው ቡድን ግን 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ይህ ውጤት ብዙ ተስፋ ፈጥሮ ነበር። በኋላ ግን የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ዓለም አቀፍ ድርጅት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 24 ጥናቶችንና 7,279 ተሳታፊዎችን በአንድ ላይ ሲመረምሩ፣ በተለመደው ድጋፍ ላይ እንቅስቃሴ መጨመሩ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ሳያጨሱ የሚቆዩ ሰዎችን ቁጥር እንደሚያሳድግ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኙም።

እንደ ኮኬይንና ሜታምፌታሚን ባሉ አነቃቂ ዕፆች ረገድም ሁኔታው ተቀራራቢ ነው። በአሜሪካ 302 ታካሚዎችን ያሳተፈና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሰፊ ሙከራ፣ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ በዕጣ የተመደቡትን የጤና ትምህርት ከተሰጣቸው ጋር ሲያነጻጽር፣ ዕፅ ሳይወሰድባቸው ባለፉት ቀናት ብዛት ላይ ጉልህ ልዩነት አላገኘም። ተመራማሪዎቹ ታካሚዎቹ መርሐ ግብሩን ምን ያህል እንደተከታተሉ በስሌቱ ውስጥ ሲያስገቡ ግን ለእንቅስቃሴው ያደላ መጠነኛ ልዩነት ታይቷል። እርስዎ ያነሡት የመቅረት ጉዳይ ከማስረጃው ጥያቄ የማይነጠለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ያልተወሰደ መድኃኒት ሊመዘን እንደማይችል ሁሉ ያልተሠራ እንቅስቃሴም ሊመዘን አይችልም።

አሁን ወደሚያበረታታው ክፍል ልመለስ። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሜታምፌታሚን ሱስ ለመላቀቅ ተኝተው በሚታከሙ 135 ሰዎች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ለስምንት ሳምንታት በሳምንት ሦስት ጊዜ እንቅስቃሴ የሠሩት የድብርትና የጭንቀት ምልክቶቻቸው ከሌሎቹ ይበልጥ ቀንሰዋል። ከዚሁ ሥራ ጋር በተያያዘ በ19 ታካሚዎች ላይ የተደረገ የአንጎል ምስል ምርመራም አለ። ሜታምፌታሚን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ በአንጎል ውስጥ የደስታና የመነሳሳት ስሜትን የሚያስተላልፈው ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር ተቀባዮችን ስለሚያሳንስ፣ ታካሚው ዕፁን ካቆመ በኋላ የዕለት ተዕለት ሕይወት ጣዕም ያጣበታል። በዚህ ምርመራ እንቅስቃሴ የሠሩት ታካሚዎች ተቀባዮች በስምንት ሳምንት ውስጥ 15 በመቶ ገደማ ሲጨምሩ፣ የሌሎቹ ጭማሪ 4 በመቶ ገደማ ነበር። የተመረመሩት ሰዎች ጥቂት በመሆናቸው ከዚህ ትልቅ ድምዳሜ ላይ መድረስ አይገባም፤ ነገር ግን ብዙ ታካሚዎች «ምንም ነገር አያስደስተኝም» በሚሉበት ወቅት አካሉ የማገገም አቅም እንዳለው ሊነገራቸው የሚችል ተጨባጭ ነገር ነው።

ስለ አልኮልም በአጭሩ ልጨምር። በዴንማርክ 175 ታካሚዎችን ያሳተፈ የሩጫ መርሐ ግብር የመጠጡን መጠን በቀጥታ ሲቀንስ አልታየም። የአካል ብርታት፣ እንቅልፍና ስሜት ግን በሱስ ሕክምና ውስጥ እንደ ትርፍ ነገር ሊቆጠሩ አይገባም። እንቅልፍ ያጣና የተጨነቀ ሰው ወደ ቀድሞው ሱሱ የመመለስ አደጋው ከፍ ያለ ነው።

ስለዚህ በማስተዋወቂያው ላይ የሚከተለው ቢጻፍ በሙያዬ እደግፈዋለሁ፦ «የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ስሜትንና የአካል አቅምን ያሻሽላል፤ ሐራራ ሲነሳም ለማለፍ ይረዳል፤ በማዕከላችን ከሐኪም ክትትልና ከምክር አገልግሎት ጋር ጎን ለጎን ይሰጣል።» ከዚህ ማለፍ የለበትም።

በተለይ የምማጸንዎ አንድ ነገር አለ። በኦፒዮይድ (እንደ ሄሮይንና ሞርፊን ባሉ ዕፆች) ሱስ ምክንያት ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን የሚወስዱ ታካሚዎች «ስፖርት ከጀመርኩ መድኃኒቱ ምን ያደርግልኛል» ብለው እንዳያቋርጡ አጥብቀው ይጠንቀቁ። እነዚህ መድኃኒቶች የሞትን አደጋ እንደሚቀንሱ በሚገባ የተረጋገጠ ነው። መድኃኒቱን አቋርጦ ለጥቂት ሳምንታት የቆየ ሰው አካሉ ዕፁን የመቋቋም ልማዱን ስለሚያጣ፣ ቀድሞ ይወስድ በነበረው መጠን ቢመለስ ትንፋሹ ቆሞ ሊሞት ይችላል። «ስፖርት ከሱስ ያላቅቃል» የሚለው ጽሑፍ የሚያስፈራኝ በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው።

መልስ፦ ፊዚዮቴራፒስት

ዶክተሩ ስለ ማስረጃው በሚገባ ስላብራሩ እኔ መቼና እንዴት ይጀመር በሚለው ላይ አተኩራለሁ።

በስንተኛው ቀን ለሚለው ጥያቄ ለሁሉም የሚሠራ አንድ ቁጥር የለም፤ የሚወስነው የሱሱ ዓይነትና የታካሚው ሁኔታ ነው። በጣም ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አልኮል ነው። ለረጅም ጊዜ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም አካልን የሚያንቀጠቅጥና ራስን የሚያስት ሕመም ሊነሳበት ይችላል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይከሰታል። ከባዱ የመቃዠትና የመደናገር ሁኔታ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ ይመጣል። በእነዚህ ቀናት የልብ ምትና የደም ግፊት ከፍ ስለሚሉ፣ ሰውነትም ፈሳሽና እንደ ፖታስየምና ማግኒዥየም ያሉ ማዕድናትን ስለሚያጣ፣ ታካሚውን ለስፖርት ማሰለፍ አደገኛ ነው። ሐኪሙ ይህ ጊዜ ማለፉን አረጋግጦ በጽሑፍ እስኪፈቅድ ድረስ በክፍልና በግቢ ውስጥ ቀስ ብሎ ከመንቀሳቀስ ያለፈ ነገር ባይታሰብ መልካም ነው።

ኮኬይንና ሜታምፌታሚን የልብ ጡንቻን ሊያዳክሙና የልብ ምትን ሊያዛቡ ይችላሉ፤ ስለዚህ ወጣትና ጠንካራ መስሎ የሚታይ ታካሚም ቢሆን ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ከመጀመሩ በፊት የልብ ምርመራ ያስፈልገዋል። ሜታዶንም የልብን የኤሌክትሪክ ሥርዓት ሊነካ ስለሚችል፣ በእንቅስቃሴ መካከል ራሱን የሳተ ወይም ልቡ ያለ ወትሮው የመታበት ታካሚ ወዲያውኑ አቁሞ መታየት አለበት።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የእግር ነርቭ ጉዳይ ነው። ለዓመታት የጠጡ ሰዎች የእግራቸው ነርቭ ተጎድቶ እግራቸው ሊደነዝዝና ሚዛናቸውን መጠበቅ ሊያቅታቸው ይችላል። ሩጫ ስታዝዙላቸው የሚወድቁትና በእግራቸው ላይ ቁስል መውጣቱን ሳያውቁ የሚቀሩት እነዚህ ናቸው። ለእነርሱ ቋሚ ብስክሌት፣ ተቀምጠው የሚሠሩት የጡንቻ ማጠንከሪያና የሚዛን ልምምድ ይሻላቸዋል፤ ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላም እግራቸው ቢፈተሽ ጥሩ ነው።

ስለ መጠኑ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ እንዲሁም ቢያንስ በሁለት ቀናት የጡንቻ ማጠንከሪያ እንዲሠራ ይመክራል። ይህ ግን መድረሻ እንጂ መነሻ አይደለም። በሱስ ምክንያት ክብደቱ የቀነሰና ጡንቻው የሟሸሸ ሰው በአሥር ደቂቃ የእግር ጉዞ ቢጀምርና በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ቢጨምር ይበቃዋል። ለመለኪያም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ታካሚው እየተራመደ ማውራት ከቻለ ግን መዝፈን ካልቻለ መካከለኛው መጠን ላይ ደርሷል። ሁለት ቃል ተናግሮ ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ መቀነስ አለበት።

አሰልጣኙ የመጀመሪያውን ቀን የታካሚዎችን አቅም ለመፈተን እንዳይጠቀምበት ይንገሩት። ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ የቆየ ሰው በመጀመሪያው ቀን ከአቅሙ በላይ ከሠራ ለቀናት ጡንቻው ይታመማል፤ በከፋ ሁኔታም የጡንቻ ሕዋሳት ፈርሰው ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። ከልምምድ በኋላ ሽንቱ እንደ ጥቁር ሻይ የጠቆረ ታካሚ ካለ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይላክ።

መልስ፦ ከአልኮል ሱስ ያገገመ

እህቴ፣ ስለ ግዴታው ጉዳይ የሚሰማኝን በግልጽ ልንገርዎ፤ እባክዎን ግዴታ አያድርጉት። ወደ ሕክምና የሚመጣ ሰው በሕይወቱ ውስጥ ብዙ ነገር ከእጁ ወጥቶበት ነው የሚመጣው። በማዕከሉ ውስጥም የሚነሣበት፣ የሚበላበትና የሚተኛበት ሰዓት በሌሎች ይወሰንለታል። እንቅስቃሴው እርሱ ራሱ የመረጠው ነገር ከሆነ ግን ለረጅም ጊዜ ያጣው የራስ ውሳኔ ትንሽም ቢሆን ይመለስለታል። እኔ በታከምኩበት ቦታ በእግር መሄድ፣ ኳስ መጫወት ወይም ክብደት ማንሳት ከሚሉት የፈለግነውን እንድንመርጥና ስንፈልግም እንድንቀይር ይፈቀድልን ነበር። እኔ የመረጥኩት የእግር ጉዞን ነው፤ ምክንያቱም በቡድን ፊት ለፊት ተቀምጦ ስለ ራስ መናገር ይከብደኝ ስለነበር፣ ጎን ለጎን እየተራመዱ ከአንድ ሰው ጋር ማውራት እጅግ ይቀለኝ ነበር። በምክር ክፍሉ ውስጥ ያልተናገርኩትን በመንገድ ላይ ተናግሬያለሁ። እርስዎ አማካሪ ስለሆኑ ይህን ቢሞክሩት ይጠቅምዎታል ብዬ አምናለሁ።

ሌላው የሰዓቱ ጉዳይ ነው። ብዙ ቦታ ስፖርት የሚመደበው በማለዳ ነው። ከአልኮል በቅርቡ የተላቀቀ ሰው ግን እንቅልፉ ገና ስላልተስተካከለ ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ ጠዋት ላይ ዐይኑ ይከደናል፤ በዚያን ሰዓት ቀስቅሰው ሲያሠሩት የሚቀረው በስንፍና አይደለም። ለእኔ ሐራራው የሚበረታው አመሻሽ ላይ፣ ቀድሞ መጠጣት እጀምርበት በነበረው ሰዓት ነበር። ታካሚዎችን «በየትኛው ሰዓት ይከብድዎታል?» ብሎ ጠይቆ ቢያንስ አንዱን ልምምድ በዚያ ሰዓት ማድረግ፣ ባዶውንና አስፈሪውን ሰዓት ይሞላዋል።

አንድ ቀን የቀረ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ እንዴት እንደሚቀበሉትም ያስቡበት። በሱስ ውስጥ ያለፈ ሰው ኀፍረትን ያውቃል፤ አንድ ጊዜ የቀረ እንደሆነ «አበላሸሁት» ብሎ ሁሉንም እርግፍ አድርጎ ለመተው ቅርብ ነው። የቀሪዎች ስም በሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ ከሆነ ተመልሶ አይመጣም። የቀረውን ሰው በስሙ ጠርቶ «ዛሬ ስለመጡ ደስ ብሎናል» ማለት ብቻ ይበቃል። ልምምድ ለጥፋት እንደ ቅጣት መሰጠትም የለበትም፤ እንዲህ ከተደረገ ሰውየው ከማዕከሉ በወጣ ማግስት ይተወዋል።

መውጣቱን ካነሣሁ አይቀር፣ ትልቁ ክፍተት እዚያ ላይ ያለ ይመስለኛል። በማዕከሉ ውስጥ አሰልጣኝ፣ ሰዓትና አብሮ የሚሠራ ሰው አለ፤ ሲወጣ ግን ሁሉም በአንድ ቀን ይቋረጣሉ። ስለዚህ ታካሚው ገና በማዕከሉ እያለ ወደ ቤቱ ሲመለስ የት፣ ከማን ጋር፣ በየትኛው ቀን እንደሚሠራ ተወስኖ ቢያልቅና ከመውጣቱ በፊት አንድ ሁለት ጊዜ በዚያው ቦታ ቢሞክረው መልካም ነው። አብሮት የሚሠራው ሰው ከልምምድ በኋላ ወደ መጠጥ ቤት የሚሄድ ቡድን አባል አለመሆኑም ከወዲሁ ይጣራ፤ ይህ ቀላል ነገር ይመስላል እንጂ አይደለም።

ከጠያቂዋ የተሰጠ ምላሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የማስተዋወቂያውን ጽሑፍ ዶክተሩ ባቀረቡት መልክ እንዲሆን ለኃላፊዎቼ አቀርባለሁ፤ የሐኪም ፈቃድ ሳይኖር ማንም ልምምድ እንዳይጀምርም በዕቅዱ ውስጥ አስገባለሁ። የሰዓቱን ጉዳይ ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር፤ ነገ ታካሚዎቹን ራሳቸውን እጠይቃለሁ።

ሁለት ጥያቄዎች ግን ቀርተውኛል። ለአልኮልና ለኦፒዮይድ ሱስ የሚሰጠውን ናልትሬክሶን የተባለ መድኃኒት የሚወስዱ ታካሚዎች «መድኃኒቱ የደስታ ስሜትን ይዘጋል፤ ታዲያ ስፖርቱ ምን ይጠቅመኛል?» ይሉኛል። ሌላው ደግሞ የቀሪዎቹ ተቃራኒ የሆነ አንድ ታካሚ ጉዳይ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ለረጅም ሰዓት ይሠራል፤ ጉልበቱ እያመመውም አያቆምም፤ የምክር ሰዓቱንም ለልምምድ ሲል መቅረት ጀምሯል። ሌሎች ያደንቁታል፤ እኔ ግን ተጨንቄያለሁ።

መልስ፦ የአእምሮ ሐኪም

ስለ ናልትሬክሶን ታካሚዎችዎን ማረጋጋት ይችላሉ። ከሩጫ በኋላ የሚመጣው የደስታ ስሜት ሰውነት ራሱ በሚያመነጨውና ኦፒዮይድን በሚመስለው ኢንዶርፊን ምክንያት ነው የሚለው እምነት ለረጅም ጊዜ ቆይቷል፤ ናልትሬክሶን የኢንዶርፊንን ተቀባዮች ስለሚዘጋ ስጋታቸው ከዚያ የመነጨ ነው። በጀርመን በሐምቡርግ 63 ጤነኛ ሯጮችን ያሳተፈና እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት ግን ናልትሬክሶን የወሰዱትም ሯጮች ከ45 ደቂቃ ሩጫ በኋላ የደስታ ስሜታቸው እንደጨመረና ጭንቀታቸው እንደቀነሰ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ለዚህ ይበልጥ ተጠያቂ ሳይሆኑ አይቀሩም ያሏቸው ሰውነት ራሱ የሚያመነጫቸውን ኢንዶካናቢኖይድ የተባሉ ንጥረ ነገሮች ነው። ተሳታፊዎቹ የሱስ ታካሚዎች ባይሆኑም፣ መድኃኒቱን የእንቅስቃሴን ጥቅም ያጠፋል ብሎ ለማቋረጥ ምክንያት እንደሌለ ለመናገር ይበቃል።

ስለ ታካሚው መጨነቅዎ ትክክል ነው። እርሱን ከሌሎቹ የሚለየው የሚሠራበት ሰዓት ብዛት አይደለም፤ እያመመው አለማቆሙና ሌላውን ሕክምና በእርሱ መተካቱ ነው። ልምምዱን በድንገት አይከልክሉት፤ አሁን የያዘው ብቸኛ መደገፊያ እርሱ ሊሆን ይችላል። ለብቻው ጠርተው «አንድ ቀን ሳይሠሩ ቢውሉ ምን ይሰማዎታል?» ብለው ይጠይቁት። መልሱ ድካም ወይም መሰላቸት ከሆነ የዕረፍት ቀናትን በጋራ መወሰን ይቻላል። መልሱ ፍርሃት፣ ብስጭት ወይም የጥፋተኝነት ስሜት ከሆነ ግን ያ ስሜት ራሱ የምክር ሰዓቱ ዋና ርእስ መሆን አለበት። አመጋገቡንና ክብደቱን አስመልክተውም ይጠይቁት፤ ከልክ ያለፈ ልምምድ አንዳንድ ጊዜ ከአመጋገብ መታወክ ጋር አብሮ ይመጣል። ጉልበቱን ፊዚዮቴራፒስት ይየው፤ እስኪሻለውም በላይኛው አካሉ የሚሠራው ልምምድ በልኩ ተወስኖ ይሰጠው። የምክር ሰዓቱ ከልምምዱ በፊት እንዲሆን መርሐ ግብሩን ብታስተካክሉት ደግሞ ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ አይገደድም።